ለቆምንበት ቀንም ይከፈለን፦ ከአንድ የጎንደር ከባድ መኪና ሹፌር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለጭነት መኪና ባለንብረቶችና ማኅበራት፣
ለትራንስፖርትና ለሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች፣
ጎንደር

የተከበራችሁ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው አዘዞ ከቆመው መኪናዬ ጋቢና ውስጥ ሆኜ ነው። ሰኞ ጧት ቁልፉን ለባለንብረቱ አስረክባለሁ። 5 ዓመት በረዳትነት፣ 16 ዓመት በሹፌርነት ከጎንደር ወጥቼ ጎንደር ገብቻለሁ። መተማ፣ ሁመራ፣ አዲስ አበባ፣ ጅቡቲ፤ ጎማዬ ያልረገጠው የጭነት መንገድ ብዙም የለም። ከእንግዲህ ግን በወር ደመወዝ ልቀጠር ነው። የማገኘው ብር አሁን ደህና በሆነ ወር ከማገኘው በብዙ ያንሳል። ለባለቤቴ ስነግራት ዝም ብላ ቆየችና "ማታ ስልክ በጮኸ ቁጥር ልቤ ከሚወርድ፣ ሽሮ በልተን ብናድር ይሻለኛል" አለችኝ። የቆረጥሁት ያኔ ነው።

የራሴ ነገር ብቻ ቢሆን ቁልፉን አስረክቤ ዝም ብዬ እሄድ ነበር። ግን ሰኞ መሪውን የሚይዘው ረዳቴ ነው። 26 ዓመቱ ነው። ደረቅ 3 የሚባለውን የከባድ ጭነት መንጃ ፈቃዱን ያወጣው በቅርቡ ነው፤ እጁ ጥሩ ነው፣ ጆሮውም ለሞተር ንቁ ነው፤ ጎማ የላላ እንደሆነ ከእኔ በፊት ይሰማዋል። ይህ ልጅ እኔ የሸሸሁትን ሥራ ከነአከፋፈሉ እንዳለ ሊረከብ ነው። የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ እንደ እሱም አዘዞ ላይ መኪና ሥር ጎማ እየፈቱ ተራቸውን ስለሚጠብቁት ሁሉ።

ከሙያችን ውጭ ያለ ሰው ይህን ቢያነብ እንዲገባው አከፋፈላችንን ላስረዳ። እኛ የሚከፈለን በቢያጆ ነው። ጭኖ ሄዶ፣ አራግፎ መመለስ አንድ ቢያጆ ነው። የወር ደመወዝ የሚባል ነገር ቢኖርም ለስሙ ያህል ነው፤ ቤት የሚያቆመው የቢያጆው ገንዘብና ከናፍጣ የሚተርፈው ነው። መኪናው ከተንቀሳቀሰ እንበላለን። ከቆመ አንበላም። መኪናው ግን ከሚሄድበት ቀን የሚቆምበት ቀን ይበልጣል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የደብዳቤዬ ነገር ሁሉ ያለው እዚህ ነውና።

ኅዳር ላይ ሰሊጥ ሲደርስ መተማ ወርደን እንሰለፋለን። ሙቀቱ ሌሊት እንኳ አያስተኛም፤ ከጎንደር ብርድ የወረደ ሰው መጀመሪያ ቀን ራሱን ያመዋል። ደላላው "ዛሬ ትጫናለህ" ይላል፣ አይጫንም። ነገ ይላል። ነጋዴው የዋጋ ውጣ ውረድ ሲያይ ጭነቱን ያዘገያል፤ የሚያዘገየው ለትርፉ ነው፣ መብቱ ነው፤ የሚያዘገየው ግን የእኔን ቀን ይዞ ነው። ሦስት ቀን፣ አራት ቀን። ለረዳቴና ለራሴ ምግብ የምገዛው ከኪሴ ነው። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሣ ከመተማ ማዶ ባለችው የሱዳን ከተማ በገላባት በኩል ያለው ንግድ ቀዘቀዘ፤ ቀድሞ ሄደን ባዶ የማንመለስበት መንገድ አሁን አንዳንዴ ባዶ ካሶኒ (የጭነት ሣጥን) እያንጓጓን የምንወጣበት ሆኗል። ባዶ የተመለሰ መኪና ለሹፌሩ ግማሽ ቢያጆ ነው።

በጅቡቲ በኩልም ያው ነው። ከጎንደር በወረታ፣ በደብረ ታቦር፣ በጋሸና አድርገን ድልብን ወርደን ወልድያ እንገባለን፤ ከዚያ ሚሌ፣ ከሚሌ ጋላፊ፣ ከጋላፊ ጅቡቲ። ጅቡቲ ያለው የመኪና ማቆሚያ ፒኬ 12 ስደርስ ጥላ ያለው ከመኪናዬ ሥር ብቻ ነው። ሹፌር ሁሉ ከተሳቢው ሥር ሰሌን ዘርግቶ ይተኛል። ለማዳበሪያ ወይም ለኮንቴይነር ተራ እንጠብቃለን፤ ወረቀት እንጠብቃለን፤ ወረቀቱ ሲመጣ ክሬን እንጠብቃለን። ኮንቴይነሩ ከተሰጠው ቀን ካለፈ ዲመሬጅ የሚሉት የመዘግየት ክፍያ ይቆጠርበታል፣ በዶላር ይከፈልበታል። እኔ እዚያው ኮንቴይነሩ አጠገብ ስቀመጥ ግን የሚቆጥርልኝ የለም። የቆመ ብረት ዋጋ ካለው የቆመ ሰው ለምን ዋጋ ያጣል? ይህን ጥያቄ 16 ዓመት ጠይቄ መልስ የሰጠኝ ባለንብረት አላጋጠመኝም። የሰጡኝ መልስ "ሥራው እንዲህ ነው" የሚል ብቻ ነው።

ከሁለት ሦስት ዓመት ወዲህ ደግሞ የመንገድ መዘጋት ተጨመረ። መንገድ ሲዘጋ ደርሰን በቆምንበት ከተማ እንቆማለን፤ አንዳንዴ ሳምንት፣ አንዳንዴ ከዚያ በላይ። ሲከፈት በአጀብ እንሄዳለን። የታገቱ ጓደኞች አሉን፤ ቤተሰብ ቤት ንብረቱን ሸጦ ያስለቀቃቸው አሉ፤ ያልተመለሱም አሉ። ስለዚህ ብዙ አልናገርም። የምለው አንድ ነገር ነው፦ በዚያ ሁሉ ፍርሃት ውስጥ ቆሞ የቆየ ሹፌር መንገዱ ሲከፈትለት "ለቆምህበት የምከፍልህ የለም" ከተባለ፣ መሪውን በምን ዓይነት ልብ እንደሚይዝ አስቡት።

እንግዲህ ፍጥነቱ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሕዝቡ የሲኖ ሹፌር እብድ ነው ይላል፤ ለሲኖው "ቀይ ሽብር"፣ ለአይሱዙው "አልቃይዳ" የሚል ስም ያወጣልን ሕዝብ ነው። ልጆቹን የቀበረ ሰው ስለሰጠን ስም አልቀየምም። በየዓመቱ በመንገዳችን ላይ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ያልቃል፤ ከዚያ ውስጥ እኛ የገደልነው እንዳለ አውቃለሁ። ግን ሹፌሩ እብድ ሆኖ አይደለም። ሹፌሩ የቆመባትን ሦስት ቀን በሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ሊያካክስ እየሞከረ ነው።

ያውም አይካካስም። ከአዘዞ መተማ ዮሐንስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ሜዳ ሆኖ በሰዓት 60 እየነዳሁ ብሄድ ሦስት ሰዓት ይፈጅብኛል። በ80 ብሄድ ሁለት ሰዓት ከሩብ። ያተረፍሁት 45 ደቂቃ ነው። መተማ ላይ ተኝቼ የማሳልፈው ሦስት ቀን ነው። በ45 ደቂቃ ሦስት ቀን የሚመልስ ሹፌር ከየት ይመጣል? ከ60 ወደ 80 ሲወጣ ግን ከኋላዬ ያለው 400 ኩንታል የሚገፋኝ ጉልበት በሦስት አራተኛ ይጨምራል። በ60 አንዲት ሰከንድ ውስጥ 17 ሜትር ገደማ እሄዳለሁ፤ በ80 ከ22 ሜትር በላይ። አይከል አጠገብ ከብት የሚነዳ ልጅ ድንገት መንገድ ቢገባብኝ፣ እግሬ ከነዳጁ ተነሥቶ ፍሬኑ ላይ እስኪያርፍ የምታልፈው ያቺ አንድ ሰከንድ ናት። አምስት ሜትሯ የልጁ ሕይወት ናት።

ይህን ሒሳብ ያስተማረኝ ትምህርት ቤት አይደለም። ረዳት ሳለሁ የያዘኝ ሽማግሌ ሹፌር ነው። ጋሼ በድሮው ፊያት የሠሩ፣ ሊማሊሞን ሲወርዱ ጸጥ የሚሉ ሰው ነበሩ። "ይህን ኩርባ ጣልያን ሲያስቆፍር ያሰበው የዚያን ዘመን ትንሽ መኪና ነው፤ አንተ ግን ተሳቢ ጎትተህ መጣህ" ይሉኝ ነበር። በየቁልቁለቱ አፋፍ ይቆማሉ፤ እኔ ወርጄ ጎማውን በመዶሻ እመታለሁ፣ ፍሬኑን እጄን አስጠግቼ አያለሁ፣ እሳቸው ዝቅተኛ ማርሽ ያስገባሉ፣ ሞተር ፍሬኑን ያነሣሉ። ከዚያ እንወርዳለን። ሌሎች እያለፉን ይሄዳሉ። እኔ ልጅ ነኝ፣ እናደዳለሁ። እሳቸው ግን በወር ደመወዝ የሚሠሩ የመንግሥት ድርጅት ሹፌር ነበሩ። ያን ጊዜ አልገባኝም ነበር፤ ጋሼ ትዕግሥተኛ ስለሆኑ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ትዕግሥታቸው ግማሹ ደመወዛቸው ነው።

ናፍጣውም ሌላው ነገር ነው። ናፍጣ የሚሰጠን በቁርጥ ነው፦ ለአንድ ቢያጆ ይህን ያህል ሊትር። ያጠረ ከሹፌሩ፣ የተረፈ ለሹፌሩ። የነዳጅ ድጎማ ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ መነሣት ሲጀምር፣ ከዚያ በፊት 40 ብር የማይሞላ የነበረው የናፍጣ ሊትር በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ 99 ብር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። የሊትሩ ዋጋ በጨመረ ቁጥር ለሹፌሩ ፎሌ ይጣፍጠዋል። ፎሌ ማለት ማርሹን አውጥቶ መኪናውን በራሱ ክብደት ቁልቁል መልቀቅ ነው። በቁርጥ ናፍጣ የሚሠራ ሹፌር ሁሉ ያውቀዋል፤ የማያምን ባለንብረት ካለ ሌሊት አንድ ቁልቁለት ላይ ቆሞ የሚያልፉትን መኪኖች ያዳምጥ፤ የሞተር ድምፅ ሳይሆን የጎማ ድምፅ ብቻ ይሰማል።

እኔ ንጹሕ ነኝ ልል አይደለም። ከአራት ዓመት በፊት ሰሊጥ ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ስሄድ፣ መተማ ላይ አምስት ቀን ቆሜ ስለነበር ኪሴም ባዶ፣ ሆዴም ባዶ ነበር። ደጀንን አልፌ የዓባይን በረሃ መውረድ ስጀምር ሌሊቱ ሊነጋጋ ነው። ትንሽ ከወረድሁ በኋላ ማርሹን ፎሌ አደረግሁት። መኪናው እንደ ውኃ ለሰስ ብሎ ሄደ። የሞተሩ ጩኸት ጠፍቶ ነፋሱ ብቻ ቀረ። ረዳቴ፣ ያ ሰኞ የሚተካኝ ልጅ፣ አጠገቤ ነቅቶ አየኝ፤ ምንም አላለኝም። ኩርባ መጣ፣ ፍሬን ረገጥሁ፣ ያዘ። ሁለተኛ ኩርባ መጣ፣ ረገጥሁ፣ ያዘ ግን ፔዳሉ ወደ ታች ገባ አለብኝ። ሦስተኛው ላይ የፍሬን ሸራ ቃጠሎ ሽታ ጋቢናውን ሞላው። ያ ሽታ ከገባ በኋላ ሰው ሌላ ነገር አያሸትም። የፍሬኑን የአየር ጌጅ አየሁት፣ ቀስቱ እየወረደ ነው። ማርሽ ላስገባ ብዬ ፍሪሲዮን ረገጥሁ፤ ጥርሱ አንጋጨ እንጂ አልገባም። መኪና አንዴ ከማርሹ በላይ ከሮጠ በኋላ ማርሽ ተመልሶ አይገባም። ልጁ ታኮውን ሁለት እጁ ላይ ይዞ በሩን ከፍቷል፤ ድንጋይ ይዞ የ40 ቶን መኪና ሊያቆም። "ዝጋው! እንዳትዘል!" አልሁት። ከዚያ የቀረኝን አደረግሁ፤ ወደ ተራራው በኩል አስጠጋሁና የካሶኒውን ጎን ከድንጋዩ ጋር እያሸሁ ወረድሁ። ብረቱ ሲጮህ ይሰማኛል እስከ ዛሬ። እንዲያ እየተፋቀ ሄዶ ሄዶ ቆመ።

ሲቆም ሁለታችንም አልተናገርንም። ልጁ ወረደና ለየጎማው ታኮ አደረገ፤ ታምቡሩ ቀልቶ ጭስ ያወጣል። ተመልሶ መጥቶ መንገዱ ዳር ተቀመጠና ጫማውን አውልቆ እግሩን ያይ ጀመር። እግሩ ምንም አልሆነም። ዝም ብሎ ያየዋል።

በኋላ አንድ መካኒክ ነገሩን ሳጫውተው ራሱን ነቀነቀ። "እንዲያ ያለ ቁልቁለት ላይ ማርሽ ውስጥ ሆነህ እግርህን ከነዳጅ ብታነሣ እኮ ፓምፑ ናፍጣ አይሰጥም፤ ሞተሩን የሚያዞረው ቁልቁለቱ ነው። ፎሌ ስታደርገው ነው ሞተሩ እንዳይጠፋ የሚጠጣው" አለኝ። እንግዲህ ሁለት ነፍስ ያስያዝሁበት ትርፍ ጭራሽ አልነበረም። ይህን የሚያውቅ ሹፌር ስንት ነው? ማንስ አስተማረን? የዚያን ዕለት ባለንብረቱ ደወለልኝ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ሰሊጡ ረጥቦ እንደሆነ ነው፤ ቀጥሎ መቼ እንደምደርስ። የካሶኒው መጠገኛ ከቢያጆዬ ተቆረጠ። ስሙን አልጠራም፤ እሱ ብቻ አይደለምና።

መኪናው ባይቆምና ሰው ቢሞት ኖሮ ነገሩ በእኔ ላይ ብቻ ይወድቅ ነበር። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው ስለመግደል ሲደነግግ፣ ደንብ ተጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው ሞቶ እንደሆነ ቅጣቱን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሰዋል። ትክክል ነው፤ ሰው የገደለ ይጠየቅ። ግን ሌሊት ስድስት ጊዜ ደውሎ "የት ደረስህ? ሌሎቹ እኮ ገብተዋል" ያለው ሰው የክስ መዝገቡ ላይ የለም። ናፍጣውን አሳንሶ የቆረጠውም የለም። ወኅኒ ቤት የሚሄደው መሪ የያዘው ብቻ ነው፤ ስንቅ የምታመላልሰው ደግሞ ሚስቱ።

ባለንብረቶችን ጠላት አድርጌ አይደለም የምጽፈው። የአብዛኞቻችሁን ቤት አውቃለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ እንደ እኔው ሹፌር ሆናችሁ ጀምራችሁ፣ መሬት ሸጣችሁ፣ ተበድራችሁ አንድ መኪና የገዛችሁ ናችሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የአንድ ጎማ ዋጋ ምን እንደሆነ ጎሚስታው ዘንድ ቆሜ አይቻለሁ፤ ጥንድ ጎማ ለመቀየር ወር ሙሉ የሚያስቡ ባለንብረቶች አሉ። የባንክ ዕዳ ያለበት ባለመኪና ራሱ ሲነዳ ከእኛ ይብሳል፤ የወሩ ክፍያ ቀን ሲደርስ ሳይተኛ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ። ሸክሙ እናንተም ላይ እንዳለ አይጠፋኝም። የምለው ሸክሙ ከነጋዴው ወደ እናንተ፣ ከእናንተ ወደ እኛ እየተንከባለለ መጥቶ መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ፍሬን ፔዳል ላይ ነው። ነጋዴው መኪናችሁን አራት ቀን ሲያቆም ለምን የማቆሚያ ዋጋ አትጠይቁትም? ማኅበር አላችሁ። ለብቻ የጠየቀ ጭነት ያጣል፤ ማኅበራቱ አንድ ላይ ሆነው ቢጠይቁ ግን ሰሊጡ በጀርባ አይጓዝም፤ ባቡር እንደሆነ ጎንደር አልደረሰልን።

ሥራ ቀይር የሚለኝ ሰው ብዙ ነበር። አማራጮቹን አንድ በአንድ አይቻቸዋለሁ። ዓረብ አገር የሄደ የሥራ ባልደረባ አለኝ፤ ክፍያው ጥሩ ነው ይላል፣ ፍጥነቱም በካሜራ ስለሚጠበቅ የሚያስቸኩል የለም ይላል፤ ግን እዚያ የዚያ አገር መንጃ ፈቃድ ይጠይቃሉ፣ ልጆቼን ደግሞ በስልክ ማሳደግ አልፈልግም። ከተማ ውስጥ ባጃጅ ልያዝ ብዬም አስቤ ነበር፤ 16 ዓመት ከባድ መሪ የያዘ ትከሻ ማራኪና ፒያሳ መካከል ለአንድ ተሳፋሪ ሲጋፋ ማየት ከበደኝ፤ ባጃጁም ዕለታዊ ገቢ አስገባ ይባላል፣ ያው ቢያጆ በትንሹ ነው። ወደ ፈሳሽ ጭነት ልዙር ቢባልም ሌላ ደረጃ መንጃ ፈቃድ አለው፤ አከፋፈሉም ብዙ ቦታ ከእኛው አይለይም። መጨረሻ ላይ የመረጥሁት ድርጅት ብሩ ዝቅ ያለ ነው። መኪናው ላይ ጂፒኤስና ፍጥነት መገደቢያ አለው፤ ናፍጣው በተነዳው ኪሎ ሜትር ይወራረዳል፤ በቆምሁበት ቀን ደመወዜ አይቆምም። ጓደኞቼ "መገደቢያ ያለው መኪና እንዴት ትነዳለህ?" ይሉኛል። ለእኔ መገደቢያው ጠባቂዬ ነው። ባለቤቱ ሲደውልልኝ "መኪናው አይሄድም" የምለው ነገር አገኘሁ።

ግን ሁሉም ሹፌር እንዲህ ያለ ቦታ አያገኝም። ለአንድ ቦታ ስንት ሰው እንደቀረበ አይቻለሁ፤ መንጃ ፈቃዳቸውን በላስቲክ አድርገው በር ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ። ስለዚህ ጥሩ ሥራ ፍለጋ መሸሽ ለአንዳንዳችን ይሆናል እንጂ ለመንገዱ መፍትሔ አይሆንም። ያለው ሥራ ነው መስተካከል ያለበት።

የምጠይቀው አዲስ ሕግ አይደለም፤ የሚበዛው ተጽፎ ያለ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀን ሥራ 8 ሰዓት፣ የሳምንቱ 48 ሰዓት ነው ይላል። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.75 ተባዝቶ ይከፈላል ይላል። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ፍሬ ነገሩን የያዘ ፊርማ ያለበት ጽሑፍ ለሠራተኛው ይስጥ ይላል። እኔ በ16 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ወረቀት አንድ ቀን አልተሰጠኝም። የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታም አለ፤ አሠሪው 11 በመቶ፣ ሠራተኛው 7 በመቶ። እኔ ትናንት ለአዲሱ መሥሪያ ቤት ቅጽ ስሞላ "የቀድሞ የጡረታ ቁጥር" የሚል ቦታ አገኘሁ፤ ባዶ ተውሁት። 16 ዓመቴ ያቺ ባዶ መስመር ናት።

ስለዚህ ባለንብረቶችና ማኅበራት፦ መኪናው ከአንድ ቀን በላይ ለጭነት፣ ለወረቀት ወይም መንገድ ተዘግቶ ሲቆም ለሹፌሩና ለረዳቱ የቆሙበት ቀን ይከፈላቸው፤ ይህንንም ከጭነት ባለቤቱ ጋር በምትፈራረሙት ውል ውስጥ አስገቡት። መደበኛ ደመወዙ ቤት የሚያቆም ይሁን፣ ቢያጆው ደግሞ ምርቃት። ናፍጣን በቁርጥ መስጠት ይቅር፤ በኪሎ ሜትሩና በጭነቱ ይወራረድ፤ የተረፈው ለሹፌሩ የሚሆንበት ነገር ከቀረ ፎሌም ይቀራል። ሌሊት መደወልን ተዉት።

የትራንስፖርትና የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዎች ደግሞ አንድ ቀላል ነገር ልለምናችሁ። መኪና ለዓመታዊ ምርመራ መጥቶ ቦሎ ሲወስድ ፍሬኑ ይታያል፣ መብራቱ ይታያል፣ ጎማው ይታያል። የሹፌሩ የሥራ ውልስ ለምን አይታይም? ፍሬኑ የሚረገጠው በሹፌሩ እግር ነው፤ እግሩን የሚያስቸኩለው ደግሞ ውሉ ነው። ወረቀቱ ከሌለ ቦሎው ይዘግይ። መንገድ ላይ የራዳር ቅጣት ለሹፌሩ ስትጽፉ የቢያጆውን ወረቀትም ጠይቁ፤ ስንት ሰዓት እንደነዳ፣ ስንት ቀን እንደቆመ። ቁልቁለት አወራረድንም አስተምሩን፤ የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ቤቶቹ ሜዳ ላይ በርሜል መካከል ያስተምራሉ፣ እኛ ግን የምንሞተው ቁልቁለት ላይ ነው።

እሑድ ከልጁ ጋር አብረን አይከልን አልፈን እንሄዳለን፤ እሱ ይነዳል፣ እኔ በረዳት ወንበር እቀመጣለሁ። ከአይከል ወዲያ ወደ ቆላው ማሽቆልቆል ሲጀምር እንዲያቆም እነግረዋለሁ። ይወርዳል፣ ጎማውን ይመታል፣ ፍሬኑን ያያል፣ ማርሹን ዝቅ ያደርጋል። ጋሼ ለእኔ እንዳደረጉልኝ። ይህን ላስተምረው እችላለሁ። መተማ ላይ አምስት ቀን በባዶ ሆድ ካቆማችሁት በኋላ ግን የእኔ ትምህርት ከጋቢናው አብሮት አይቆይም፤ ከእኔም ጋር አልቆየም።

ሰኞ ጧት አዘዞ ላይ ቁልፉን የምሰጠው እኔ ነኝ። የተጻፈ ውል ይዞ የሚጠብቀኝ ባለንብረት ካለ፣ ልጁ ሲፈርምበት በዓይኔ አይቼ ልሂድ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የከባድ መኪና ሹፌር
አዘዞ፣ ጎንደር